የአውቶሞቢሏ ነውር

ታላቅ ወንድሜ አውቶሞቢል ሊገዛ መሆኑን የሰማሁት መካነ ሰላም ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው። ከደጎሎ ገብስና ስንዴ እያስጫነ የሚነግድ ሰው ነው። ቅንጡ አውቶሞቢል ምን ያደርግልሃል ብዬ ብጠይቀው «ለእማዬ ነው» አለኝ። እናታችን ለልብ ሕመሟ በየወሩ ደሴ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፤ በሚኒባስ ተጠቅጥቃ በተመለሰች ቁጥር ሁለት ቀን ትተኛለች። ስለዚህ ምክንያቱን መናቅ አልቻልኩም። የናቅሁት የቀረውን ሁሉ ነው።

መኪናዋን ያመጣት ደላላ እግሩ መሬት ሳይነካ ምላሱ ቀድሞ ወረደ። ጥቁር ናት፣ ታጥባ ታብረቀርቃለች፣ መቀመጫዋ ቆዳ ነው። «ባለ አምስት ኮከብ ናት!» አለ። ወንድሜ ደረቱን ነፋ። ለጎረቤት ሲያወራ እንደሰማሁት፣ ኮከቡ የሆቴል ኮከብ መስሎታል። «አልጋ ብቻ ነው የቀራት» ይላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው መሪ የሚጨብጠው።

እኔ ደግሞ ዐዋቂው የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ኮከቡ መኪናን ከግንብ ጋር አላትመው፣ ውስጧ ያስቀመጡት አሻንጉሊት ምን ያህል እንደተጎዳ አይተው የሚሰጡት ነጥብ መሆኑን አስረዳሁ። ማን ይሰማኛል! ለማየት የተሰበሰበው ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው። አንዱ «ደም አለባት?» ይላል፤ ሰው ገድላ ታውቃለች ወይ ማለቱ ነው። ሌላው ጠበል ተረጭታ እንደሆነ ይጠይቃል። አንድ ጎልማሳ ጎማዋን በእርግጫ መታና «ጠንካራ ናት» ብሎ ፈረደ። እንዲህ ያለ ምርመራ ለገበያ ድንችም አይበቃም።

ስልኬን አውጥቼ የሞዴሏን የግጭት ፈተና ውጤት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እውነትም አምስት ኮከብ። ቁልፉን ተቀብዬ አዞርኩና ሰሌዳውን አየሁ፤ በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰው የሚያድነው ከረጢት፣ የኤርባጉ መብራት ብልጭም አላለ። «አያችሁ? ችግር ቢኖርባት ይበራ ነበር» አልኩ። ደላላው «ኢንጂነር!» ብሎ ትከሻዬን መታ። ደስ አለኝ፤ አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ የወጣችው ይሄኔ ነው። በእኛ ዘንድ በሬ የሚሸጥ ሰው ገመዱን ከመልቀቁ በፊት ነውሩን ይናገራል፦ የሚዋጋ እንደሆነ፣ ቀንበር ሲጫንበት የሚተኛ እንደሆነ። ደብቆ ከሸጠ ነውሩ በወጣ ቀን በሬው ወደ ቤቱ ይመለስበታል። እናቴ አባታችን ከሞተ ወዲህ በሬ ገዝታም ሽጣም ታውቃለች። ቁልፉን የመለስኩለትን ደላላ ቀና ብላ አየችው።

«ልጄ፣ ቁልፉን ሳትለቅ ነውሯን ተናገር።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«ነውር የላትም እማማ፣ አብሽሩ! ወላሂ፣ በእኔ እጅ አንድ ሰው አልነካችም።»

«ከአንተ በፊት ያለውንስ?» ደላላው ጣሪያዋን በእጅጌው መወልወል ሲጀምር አልተጨቃጨቀችም። «ይሁን። እናት አለችህ?»

«አለችኝ፣ ወግዲ ናት።»

«በዚች ብትወስዳት የት ታስቀምጣታለህ?»

«ከኋላ ነዋ!»

«ለምን? ፊቱ አይመችም?»

ደላላው የፊቱን መቀመጫ ሰረቅ አድርጎ አየ። ሳያስበው ነው ያመለጠው። ቁልፉን ከእጁ ነጥቄ ገባሁና የፊቱን ቀበቶ ሳብኩ፤ ንቅንቅ አላለም። ከተሳፋሪው ፊት ያለውን ክዳን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ጠርዙ በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው። ቁልፉን እንደገና ሳዞር ገባኝ። ያ መብራት ጤነኛ መኪና ላይ ቁልፍ ሲዞር ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራው አምፖሉን ሲነቅሉት ነው። ከባድ ግጭት ደርሶባት ቀበቶዋ እዚያው ተቆልፏል፣ ኤርባጎቿ ፈንድተዋል፤ በቦታቸው የቀረው ባዶ ክዳን ነው። ያነበብኩት ኮከብ ደግሞ አንድም ነገር ላልጎደለባት ለሌላ መኪና የተሰጠ ነው። ለተማሪ ኤሌክትሪክ የማስተምረው ሰው መብራት ባለመብራቱ ተደሰትኩ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይህ ነው።

ያየሁትን ስናገር ደላላው ዓይኑን በጨው አጥቦ «ትንሽ ተጋጭታ ነበር፣ ግን ተሠርታለች። እማማ እንደሁ ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ምን ችግር አለ?» አለ።

ከእሱ ይልቅ ያስጠላኝ ወንድሜ ነው። ለከተማው ሁሉ አውርቷል፤ እንዴት ብሎ ይመልሳት? «እውነቱን ነው፣ እማዬ ከኋላ ትሁን። አንተ ከእኔ ጋር ፊት ትቀመጣለህ» አለኝ። ሰው እንዳይስቅበት ብሎ ነፍሱን ያስይዛል። እኔስ? እንቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ኮከቡን ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ሰዉም ገና አልተበተነም። ወደ ፊቱ በር ሄድኩ።

እናቴ ወንድሜ የከፈተላትን የኋላ በር ገፍታ ዘጋችው።

«እናንተ ሁለታችሁ ከፊት ሆናችሁ፣ እኔ ከኋላ ድኜ ማንን ልቅበር?»