ሙዲሩ ከድልድዩ ማዶ የቀሩበት ቀን

የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር መምጣታቸው የሚታወቀው በጸጥታ ነበር። የሚንጫጫው ክፍል በአንዴ ጭጭ ካለ፣ ዞር ብዬ ሳላይ መስኮቱ ላይ እንደቆሙ አውቃለሁ። ጁባ ውስጥ ርዕሰ መምህር «ሙዲር» ነው የሚባለው፤ እኛ መምህራን ቃሉን ስንጠራው እንኳ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር። እሳቸው መስኮቱ ላይ ሲቆሙ ጠመኔ የያዘው እጄ ይቆማል፤ ዓመታት ያስተማርኩት የክፍልፋይ ድምር ከአእምሮዬ ይጠፋል።

ጁባ የገባሁት ሰላም ወርዶ ሰው ሁሉ ወደዚያ በሚጎርፍበት ጊዜ ነው። ማላኪያ በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት የከፈተው ታላቅ ወንድሜ ነው የጠራኝ። እሱ ያሰበው ምግብ ቤቱን እንዳግዘው ነበር፤ እኔ ግን በሒሳብ የተመረቅኩ መምህርት ነበርኩና ትሪ ይዞ መመላለሱ አልሆነልኝም። ከደንበኞቹ አንዱ ከናይል ድልድይ ማዶ፣ ጉምቦ በሚባል ሰፈር፣ የሒሳብ አስተማሪ ያጣ ትምህርት ቤት እንዳለ ነገረኝና እዚያ ተቀጠርኩ።

ትምህርት ቤቱ ጥቂት የሸክላ ክፍሎችና አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነበረው። ትንንሾቹ የሚማሩት ከዛፉ ሥር ነው። ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ ሲሆን ወደ መንገዱ የሚወጣ አንድ የብረት በር አለው። ሙዲሩ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። አንገታቸው ላይ ፊሽካ፣ ብብታቸው ሥር አለንጋ አይጠፋም። ፊሽካው ካልተነፋ ተማሪ አይወጣም፤ አስተማሪም አይወጣም። ጠዋት ሰልፉ ሲያበቃ በሩን ራሳቸው ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ይከታሉ። ያረፈደ መምህር ከአርፋጅ ተማሪዎች ጋር ባንዲራው ሥር ይቆማል።

እኔም ቆሜአለሁ። አንድ ጠዋት የተሳፈርኩበት ቦዳ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ጎማው ድልድዩ ላይ ፈነዳና አርፍጄ ደረስኩ። ሙዲሩ ምንም አልጠየቁኝም፤ በጣታቸው ብቻ ባንዲራውን አሳዩኝ። ተማሪዎቼ እያዩኝ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። አንዳንዶቹ እኔን ላለማሳፈር ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ፤ እሱ ደግሞ ይብስ አሳፈረኝ።

በእረፍት ሰዓት ምክትል ርዕሰ መምህሯ ውሃ ይዛልኝ መጣች። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ግን ያደገችው ጋምቤላ በስደተኞች ካምፕ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ አይተናነስም።

«አይዞሽ እህቴ። እኔንም አቁመውኛል።»

«እርስዎንም?» አልኳት ደንግጬ።

«እርስዎ አትበይኝ! አንቺ ተብዬ ነው ያደግኩት።» ሳቀች። ወዲያው ግን ሙዲሩ እንዳይሰሙ ወደ ቢሮው አየች።

ማታ ለወንድሜ ስነግረው እራቱን ትቶ ተነሣ። «አንቺን የሚያክል ሰው? ነገ እንዳትሄጂ!» አለኝ። እኔ ግን ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ትምህርት ቤቱ ይሠራ ነበር። በሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህሩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። የእኛ ልጆች ግን ያነብባሉ፣ ያሰላሉ። ወላጆች ልጆቻቸውን ከሩቅ እያስመጡ «ለሙዲሩ ስጡልን» ይሉ ነበር። እኔም የምፈራቸውን ያህል አከብራቸው ነበር፤ ሁለቱን ለይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ሙዲሩ ለስብሰባ ወደ ከተማ ተጠሩ። እንደ ልማዳቸው በሩን ከውጭ ቆልፈው፣ ቁልፉን ይዘው፣ ድልድዩን ተሻገሩ። ከእረፍት በኋላ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን እያስተማርኩ ሳለ ከመንገዱ በኩል ተኩስ ሰማሁ። መጀመሪያ አንድ፤ ቀጥሎ ብዙ። ወታደሮች እርስ በርስ ተጣልተው እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የምናውቀው ነገር ቢኖር ጥይቱ ቅርብ እንደሆነ ነበር።

ልጆቹ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ። ዛሬም የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ፊሽካ እየጠበቅኩ ነበር። በሌሎቹ ክፍሎች በር ላይም መምህራኑ እንደ እኔ ቆመው ወደ ቢሮው ያያሉ። ሁላችንም ሙዲሩ እንደሌሉ እናውቃለን፤ ግን ያለ እሳቸው መንቀሳቀስ የሚችል እግር አልነበረንም። ከማንጎው ሥር ያሉት ሕፃናት ማልቀስ ጀመሩ።

ምክትሏ ግቢው መሃል ወጥታ ጠራችን። 

«እኔ ፈርቻለሁ» አለች፤ መጀመሪያ ያለችው ይህንን ነው። «እናንተም ፈርታችኋል። ትንንሾቹ ወደ ሸክላው ክፍል ይግቡ፣ ሁሉም መሬት ላይ ይተኛ። ሌላ ያየ፣ ሌላ ያሰበ አለ?»

አንድ ሰው ሐሳባችንን ሲጠይቀን በዚያ ግቢ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ አንዱ መምህር የውሃ በርሜሉን ወደ ውስጥ እናስገባ አለ፤ ሌላው በኋለኛው አጥር በኩል ያለውን ክፍል እናስለቅቅ አለ። ሕፃናቱን እያቀፍን ሮጥን። ያቀፍኳት ልጅ ልቧ ሲመታ ደረቴ ላይ ይሰማኝ ነበር፤ ወይ የራሴ ይሆናል።

በሩ መደብደብ የጀመረው ያኔ ነው። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳይ ሴቶች ናቸው። ገበያ የነበሩ እናቶች፣ አንዳንዶቹ ሕፃን ያዘሉ፣ ከመንገዱ ሸሽተው መጥተዋል። «ኡስታዛ!» ይላሉ፣ መምህርት ማለታቸው ነው፤ «ክፈቱልን!» የግቢያችን ዘበኛ ቁልፉ ሙዲሩ ጋ ነው አለ።

«ከከፈትን መሣሪያ የያዘውም ይገባል» አለ አንዱ መምህር። ትክክልም ነበር።

ምክትሏ በሩን፣ ከዚያ እኛን አየች። «ልክ ነህ፤ ሊገባ ይችላል» አለችው። «ግን እዚያ የቆሙት የልጆቻችን እናቶች ናቸው። እሰብረዋለሁ። የመጣው ቢመጣ የወሰንኩት እኔ ነኝ።»

ጓጉንቸሩ ያለው በውጭ በኩል ነው፤ ሰንሰለቱ ግን በውስጥም ይታያል። ከማንጎው ሥር ካለው ምድጃ ትልቅ ድንጋይ አንስቼ ሰጠኋት። ሰንሰለቱን ደግማ ደጋግማ መታችው። እያንዳንዱ ምት ከተኩሱ ይልቅ የሚያስደነግጥ መሰለኝ፤ ያለንበትን ለዓለም ሁሉ የምንናገር ያህል። በመጨረሻ ተበጠሰ። ሴቶቹ እየተጋፉ ገቡ። በሩን ዘግተን አግዳሚ ወንበር ደገፍንበትና ምክትሏና እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥን፤ ክብደታችን በሩን እንዲይዝ።

ተኩሱ ሲበርድና ሲነሣ ቆየ። አንድ ጊዜ ጸጥ ሲል ከባድ የቡት ጫማ ዳና መጣና በሩ ላይ ቆመ። በቀዳዳው የወታደር ልብስና የክላሽ አፈሙዝ ታየኝ። ሰውዬው በሩን በትከሻው ገፋው፤ ወንበሩ ከነእኛ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። በጁባ አረብኛ ጮኸ፤ ልጄን ስጡኝ ነው የሚለው።

ምክትሏ ከወንበሩ አልተነሣችም። በአረብኛ የማን አባት እንደሆነ ጠየቀችው። የልጁን ስም ሲነግራት አወቀቻት፤ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

«ልጅህ ደህና ናት። አንተ ትገባለህ፤ መሣሪያህ ግን አይገባም።»

«መሣሪያዬን መንገድ ላይ ልጣል?!»

«አትጣለው። አትግባ። ልጅህን እዚህ አመጣልሃለሁ፤ ድምፅዋን ትሰማለህ።»

ሰውዬው በሩን በእርግጫ መታው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በቆርቆሮው ውስጥ የሚያልፈውን ጥይት እጠብቅ ነበር። ምክትሏ በአማርኛ፣ እሱ በማይሰማው ቋንቋ፣ በጆሮዬ አንሾካሾከችልኝ፦ «ሂጂ፣ አምጫት። ሩጪ።»

ሮጥኩ። ልጅቷን ከእናቶቹ መሃል አግኝቼ አመጣኋት። በሩ አጠገብ ስንደርስ በርከክ ብላ አፏን ቀዳዳው ላይ አደረገችና «ባባ» አለች። ውጭ ያለው ሰው በሩን መምታቱን ተወ። ከዚያ ጣቱ በቀዳዳው ገባ፤ ልጅቷ ያዘችው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ በቋንቋቸው ነው። ሲያበቃ ጣቱ ወጣ፤ የጫማው ዳናም ራቀ። ምክትሏ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደገፈች። ያኔ ሳያት እጆቿ በድንጋዩ ተልጠው ይደማሉ።

ከሰዓት በኋላ ተኩሱ ቆመ። ወላጆች እየመጡ ልጆቻቸውን ወሰዱ። ሙዲሩ የደረሱት ግቢው ባዶ ሊሆን ሲል፣ በእግራቸው ነው። ድልድዩ ተዘግቶ ማዶ ቆመው ነበር። ሸሚዛቸው በላብ ከሰውነታቸው ተጣብቋል። የተበጠሰውን ሰንሰለት ከመሬት አንስተው አዩት።

«ማን ነው የሰበረው?»

ጠዋት ከነበረው ፍርሃት ምንም ያልተናነሰ ፍርሃት ወረረኝ። ጥይት አልፎ ሙዲሩ መጡ።

«እኔ ነኝ» አለች ምክትሏ።

«ድንጋዩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ሳላስበው ነው የወጣው።

ሁለታችንንም ቢሮ ጠሩን። እንደሚያባርሩን እርግጠኛ ነበርኩ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ጀመር። ሲናገሩ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው ነበር።

«የሰፈሬ ትምህርት ቤት አጥር አልነበረውም። አንድ ቀን የታጠቁ ሰዎች መጡ። መምህራችን ደግ ሰው ነበር፤ ግቡ አላቸው፣ ውሃ ሰጣቸው። ሲሄዱ ትልልቆቹን ልጆች ይዘው ሄዱ። አንዱ እኔ ነበርኩ።» ቆም አሉ። «ዛሬ ድልድዩ ላይ ያስፈራኝ ጥይቱ አይደለም። አንድ ደግ ሰው በሩን ይከፍታል ብዬ ነው።»

ስንት ጊዜ የረገምኩት ቁልፍ ከየት እንደመጣ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ምክትሏ ግን መለሰችላቸው። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። «ገባኝ፣ ሙዲር። እኔም ከጦርነት ሸሽቼ ነው ካምፕ ያደግኩት። ያን ጊዜ በር የከፈተልን ሰው ባይኖር ዛሬ ፊትዎ አልቆምም ነበር።»

በመጨረሻ ሳይዞሩ «ሂዱ» አሉን።

አላባረሩንም። ይቅርታም፣ ምስጋናም አልነበረም። በማግስቱ አዲስ ሰንሰለት ነበር። ለሳምንታት በሰላምታ እንኳ አላነጋገሩንም፤ እኔም በየጠዋቱ የስንብት ቃል እየጠበቅኩ ነበር የምገባው። አንድ ቀን ምክትሏ ጠረጴዛዋ ላይ የበሩ ቁልፍ ቅጂ ተቀምጦ አገኘች። ማን እንዳስቀመጠው አልተነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። አለንጋው ግን አልቀረም።

የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ሙዲሩ ወደ ትምህርት ቢሮ ተዛወሩና ምክትሏ ቦታቸውን ያዘች። መሰናበቻቸው ላይ እያንዳንዳችንን ጨበጡ። እኔ ጋ ሲደርሱ «ኡስታዛ፣ ክፍልፋይ በደንብ ታስተምሪያለሽ» አሉኝ። ያን ሁሉ ጊዜ መስኮቱ ላይ ቆመው ትምህርቱን ይሰሙ እንደነበር አስቤ አላውቅም።

አዲሷ ሙዲር የመጀመሪያ ስብሰባዋን ስታደርግ ወንበሩን ክብ አስደርጋ «ምን ይቀየር?» ብላ ጠየቀች። ማንም አልተናገረም። ሰው ፍርሃት የለመደ እንደሆነ ሲነሣለትም አያምንም። ግማሾቹ ማርፈድ ጀመሩ፤ ወላጆችም «ይቺ ሴት ልጆቻችንን ታባልግብናለች» አሉ። እሷ ያረፈደውን ቤቱ ድረስ ሄዳ ትጠይቀው ነበር። አንዳንዱ አፈረ፣ አንዳንዱ ሥራውን ለቀቀ። ቀላል አልነበረም። እኔን ምክትሌ ሁኚ ስትለኝ እንቢ አልኩ። ደግማ ጠየቀችኝ፤ እሺ አልኩ።

አለቃ መፍራት ቀላሉ ፍርሃት እንደነበር ያወቅኩት እሷ ወባ ይዟት በተኛችበት ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ብዙ ልጆቻችን ወደ ቤታቸው የሚሻገሩት በጋ ደረቅ የሆነ፣ ክረምት ግን በድንገት የሚሞላ ቦይ ነው። አሁን ልልቀቃቸው ወይስ ላቆያቸው? ብለቃቸው ጎርፉ መንገድ ላይ ያገኛቸዋል፤ ባቆያቸው ይጨልማል፣ የጉምቦ መንገድ በጨለማ አይታመንም። ስልክ ደወልኩላት።

«እኔ አልጋ ላይ ነኝ፤ ሰማዩን የምታዪው አንቺ ነሽ» አለች በደከመ ድምፅ። «መምህራኑን ጠይቂ፣ ከዚያ ወስኚ። የወሰንሽውን እኔም ወስኛለሁ።»

ጠየቅኳቸው። ግማሾቹ እንልቀቅ፣ ግማሾቹ እናቆይ አሉ። «ይቆያሉ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት አላልቅ አለኝ። አባቶች በዝናብ እየመጡ ጮኹብኝ፤ አንዷ እናት ጣቷን ፊቴ ላይ ቀሰረች። ከቦዩ በኩል የሰው ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ሾልኮ የወጣ ልጅ ይሆን እያልኩ እየተነሣሁ ክፍሎቹን አያለሁ። ዝናቡ አባራ፤ ውሃው ቀስ እያለ ጎደለ። መምህራኑ ልጆቹን በየሰፈራቸው ከፋፍለው፣ እጅ ለእጅ አያይዘው፣ ከመጨለሙ በፊት አሻገሯቸው።

ወንድሜ ሞተር ይዞ ሊወስደኝ ሲመጣ ባዶው ክፍል ውስጥ፣ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ አገኘኝ።

«ምን ሆነሻል? ሁሉም ገብተዋል አይደል?» አለኝ።

«ገብተዋል።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«የወሰንኩት እኔ ነበርኩ» አልኩት። የጎርፉ ድምፅ አሁንም ከሩቅ ይሰማል። እጄን ይዞ አስነሣኝና ጭቃውን እየዘለልን ወጣን።