ማስተርሴን ሳልጨርስ አላገባም ያልኳቸው ሽማግሌዎች

ባለፈው እሁድ ረፋዱ ላይ... ፀጉሬን ታጥቤ፣ ፎጣ ጠምጥሜ፣ ግቢያችን ውስጥ ፀሐይ እየሞቅኩ ነው። የደባርቅን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። የአጥራችን በር ተንኳኳ። እማዬ ከፈተች።

ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። እማዬ ወንበር ልታወጣ ስትሮጥ አንደኛው እጃቸውን አነሱና «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ።

አለቀ! እኛ አገር ሽማግሌ ቆሞ «አልቀመጥም» ካለ «ልጃችሁን ለልጃችን» ሊል እንደመጣ ሕፃንም ያውቃል። የእማዬ ፊት በራ። ከዚህ በፊት የመጡትን መልሼባታለሁ፤ ያን ጊዜ «ደግመሽ ብታሳፍሪኝ አላነጋግርሽም» ብላ ምላለች።

እኔ ደግሞ ዘንድሮ ለባል የሚሆን ጭንቅላት የለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎንደር እየተመላለስኩ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው... የሕዝብ ፖሊሲና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አመራር። ቴሲሴ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እርዳታ ድርጅት ውሃ አስገብቶ ከሄደ በኋላ ቧንቧው እንዳይደርቅ የሚያደርገው ማነው?

ለዚህ የመረጥኩት ከዳባት ወጣ ብሎ ያለ መንደር ነው። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ግን በስልክ «ጠያቂ ሰልችቶናል» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። አድቫይዘሬ ደግሞ «እነሱን ካላናገርሽ ርዕስ ቀይሪ» ብሎኛል። ርዕስ መቀየር ማለት ምርቃቴ ለከርሞ ማለት ነው። እልህ ያዘኝ። ሄጄ ደጃቸው ላይ ልቀመጥ ቆርጫለሁ።

በዚህ ላይ ባል?! ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው።

«አባቶቼ፣ አክብራችሁኛል፤ እግዜር ያክብርልኝ። ግን ማስተርሴን ሳልጨርስ አላገባም! የልጁን ስምም አትንገሩኝ!»

እማዬ ግንባሯን ያዘች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ልጄ፣» አሉ ትልቁ ቀስ ብለው፣ «ባልስ ማን አመጣብሽ?»

ድምፃቸውን አወቅኩት... ስልኩን የዘጉብኝ ሰብሳቢ! በስልክ እንጂ በዓይን አይቻቸው አላውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

«አንቺን እምቢ ካልን ወዲህ እርስ በርሳችን ተጣላን» አሉ። «ፊትም አንዲት ልጅ መጥታ ጠይቃን ነበር። ኋላ ያነበቡ ሰዎች ሲነግሩን፣ ውሃውን ድርጅቱ ነው የሚጠብቀው ብላ ጽፋለች። ምንጩን የምናጥር እኛ፣ ቧንቧውን የምንጠግን እኛ! ተናደድን። ግን አንቺንም ብንከለክል ያው ውሸቱ ነው የሚቀር ተባባልን። ቤትሽን አጠያይቀን የመጣነውም ለዚህ ነው፤ ነይና ጠይቂን። አንድ ነገር ግን እንለምንሻለን... ጽፈሽ ስትጨርሺ፣ ለአስተማሪዎችሽ ሳታሳዪ፣ መጀመሪያ መጥተሽ ለመንደሩ ታነቢልናለሽ። ያበላሸሽው ካለ እዚያው እናርምሻለን። እሺ ካላልሽ አንቀመጥም።»

ክፍል ውስጥ ስለ ተጠያቂነት ስንት ጊዜ አውርቻለሁ መሰላችሁ። በሁለት እግሩ ቆሞ ደጄ ድረስ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። የለፋሁበትን ሥራ መንደር ሙሉ ሰው ፊት ቢያፈርሱትስ? ፈራሁ። ግን ከፍርሃቱ ደስታው በለጠ፤ ይህን በር አንዴ ካገኘሁት አልለቀውም።

«እሺ አባቴ፣ መጀመሪያ ለእናንተ ነው የማነበው» አልኩ።

ያኔ ተቀመጡ። መረቁኝም። እማዬ ጠላ እየቀዳች ታጉረመርማለች፤ «ሽማግሌ ገባ፣ እሺ ተባለ፣ ተመረቀ... ሙሽራው የታለ?»

ሐሙስ ወደ መንደሩ እሄዳለሁ። የሚያርሙኝን ያርሙኝ እንጂ ዘንድሮ እመረቃለሁ።

የዩኒቨርሲቲው ዲፌንስ ከእንግዲህ አያስፈራኝም... እዚያ ያሉት ፈታኞች ቢያንስ ዱላ አይዙም።