ትምህርት ቤት እስኪከፈት

ስልክ የያዝኩት ለመንዙማ ብዬ ነው። ልጄ አዲስ ስትገዛ አሮጌውን፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀውን፣ ለእኔ ሰጠችኝ። ጊዜው በበሽታው ምክንያት ሁሉ ነገር የተዘጋበት ነው፤ ካምፓላ ጸጥ ብላ፣ ታክሲው ቆሞ፣ ቦዳ የሚሉት ሞተርም ሰው እንዳይጭን ተከልክሎ። የእኔ እግር ደግሞ ቤት አይወድም። ከሙየንጋ ዳገት ሥር ካለው ግቢያችን ወጥቼ ሳልዞር ከዋልኩ ጉልበቴ ይቆረጥመኛል። በእግሬ መዞር ሲቀርብኝ በጣቴ መዞር ጀመርኩ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ወሎ ሳለሁ፣ ልጆቼ ሲያጠኑ ከጀርባቸው ቆሜ ጣታቸውን በዓይኔ እየተከተልኩ ነው። ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ከዚያም ቀስ ብዬ እጽፋለሁ። ስልኩ ግን ማንበብም አልጠየቀኝ። የልጅ ልጄ፣ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው፣ የማይኩን ሥዕል አሳየችኝ።

«ይቺን ተጫኚና የምትፈልጊውን ንገሪው፣ እምዬ።»

«በአማርኛ?»

«በአማርኛ። ግን አትጩሂበት፤ ደንቆሮ አይደለም።»

መንዙማው ሲያልቅ ስልኩ ደስ ያለውን ያመጣል። አንድ ቀን መነጽር ያደረገች፣ ድምጿ ለስለስ ያለ ሴት አመጣብኝ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ አለች። ስለ ጭንቀት ትናገራለች። እኔ ጭንቀት ሲባል አንገት ደፍተው የሚያሳልፉት ነገር እንጂ ሐኪም ተቀምጦ የሚያየው ነገር መሆኑን የት አውቄው! ምስር እየለቀምኩ ነበር፤ ሴትዮዋ ስትጨርስ ምስሩም ጠጠሩም አንድ ላይ ሰፌዱ ላይ ቀርቷል። በማግስቱ ስለ ድብርት ሰማሁ፤ ከዚያ ስለ ልጅነት ቁስል፤ ከዚያ ስለ ቁጣ።

ትንሽ ያወቀ ሰው አያርፍም። ግቢውን ሁሉ መመርመር ጀመርኩ። ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝ የምትሸጥልንን ሴትዮ፣ ለጭንቀት ነው ብዬ፣ በምልክት ቋንቋ በረጅሙ ትንፋሽ አሳብኳት፤ ሙዙን ትታ በሳቅ ፈረሰች። ከግድግዳ ማዶ የምትኖረውን፣ ቅመም የምትሸጠውን የጅማ ሰው ጎረቤቴን ደግሞ «አንቺ ድብርት አለብሽ፤ ጠዋት ጠዋት ፊትሽ ይጠቁራል» አልኳት።

«ድብርት አይደለም፣ የአከራያችን አውራ ዶሮ ነው። እሱን አክሚልኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በሯ ላይ ስደርስ «ሐኪሟ መጣች! ደብቁኝ!» ሆነ ሰላምታዋ።

ይህን ሁሉ የማወራው ወደ ዋናው ነገር መግባት ፈርቼ ነው። ልግባ።

የልጅ ልጄ አባት፣ አማቼ፣ ጁባ ሱቅ ነበረው። ድንበር ሲዘጋ እዚያው ቀረ። ትኩሳት ያዘው፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ እዚያው ቀበሩት። ሸሪኩ የደወለው ለልጄ ሳይሆን ለእኔ ነው። ወጉ እንዲያ ነው፤ መርዶ ለሚስት በስልክ አይነገርም። ትልቅ ሰው ቀድሞ ይሰማል፣ ሰው ይሰበስባል፣ ሊነጋ ሲል በር ያንኳኳል። የምትወድቀውን የሚይዝ ክንድ ከወሬው ይቀድማል።

ሰው አትሰብሰቡ በተባለበት ከተማ ክንድ ከየት ይምጣ? ለልጄ እኔና የጅማዋ ሆነን ነገርናት። ሁለት ሰው ለመርዶ ምኑ ሰው ነው። የልጅ ልጄ በወዲያኛው ክፍል ተኝታለች። ልጄ አፏን ስትከፍት በሻርፔ ያዝኩት። «ትሰማሻለች፣ ትሰማሻለች» እያልኩ የልጄን ጩኸት ወደ ሆዷ መለስኩት። ጥርሷ ያረፈበት የሻርፑ ጫፍ እስከ ዛሬ ድረስ ተቀዶ አለ።

«ለልጅቷስ?» አለችኝ ስትረጋጋ።

«ትምህርት ቤት ይከፈት» አልኳት። «ጓደኞቿ ይኑሩ፣ የምትረሳበት ነገር ይኑራት። ያኔ እንነግራታለን።»

ጥቂት ሳምንት የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። ዩጋንዳ ግን ትምህርት ቤቱን ዘግታ ቁልፉን የጣለች መሰለች። ከላይ ያሉትን ክፍሎች ከፈቱ፤ የእሷን አልከፈቱም። ሊከፍቱ ነው ሲባል መልሰው ሁሉንም ዘጉ። እኔም ከትምህርት ቤቱ በር ጋር አብሬ ተዘጋሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ቤት የምትቀመጥበትን ኢዳ እንኳ ልጄ በዝምታ ጨረሰችው፤ አገሩ ሁሉ ቤቱ በተቀመጠበት ጊዜ እሷ ለምን ተቀመጠች የሚል አልነበረም። እህል የምትሸጥበትን ሱቋን የጅማዋ ያዘችላት። ልጅቷም ምንም አላወቀች።

አላወቀችም እላለሁ። «አባዬ ለምን አይደውልም?» ስትለኝ ግን መልስ ያስፈልግ ነበር። መጀመሪያ ኔትወርክ የለም አልኳት። ሲደጋገም፣ «ኧረ ደውሏል! ተኝተሽ ነበርና እንዳትቀሰቅሷት ብሎ ነው» አልኳት። በዚህች ውሸት ኮርቼባት ነበር። ለስላሳ ናት፣ የአባት ፍቅር ትሸታለች። ስለዚህ ደጋገምኳት። ለኢድ ጫማ ገዝቼ «አባትሽ የላከልሽ ነው» አልኩ። ደረቷ ላይ አቅፋው ዋለች።

ከዚያ ልጅቷ እንቅልፍ እምቢ አላት። ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ትነሳለች፣ ራሴን አመመኝ ትላለች፣ ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ጎርሳ ሳታላምጥ ታንቀላፋለች። ወተት አሞቅኩላት። ዱዓ የተደረገበት ውኃ አጠጣኋት። የጅማዋ፣ «የሰው ዓይን ነው» አለችኝ። እኔ ግን አሁን የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ማይኩን ተጭኜ «እንቅልፍ እምቢ ያላት ልጅ» አልኩ። ያቺው ባለ መነጽሯ መጣች። ልጆች ስልክ አጠገባቸው አድርገው እንዳይተኙ፣ ስልክ ከመኝታ ክፍል ይውጣ አለች።

ይኸው ተገኘ! ልጅቷ የእናቷን ስልክ፣ ሶኬቱ አጠገብ ፍራሿን ስባ፣ ከጆሮዋ አጠገብ አድርጋ ነበር የምትተኛው። ሄጄ ወሰድኩት። እንዲህ ታለቅሳለች ብዬ አልጠበቅኩም። እግሬ ላይ ተጠመጠመች።

«እሺ ውሰጂው፣ እምዬ፣ ግን ድምፁን አታጥፊው። በአላህ ድምፁን አታጥፊው።»

«ሱስ ማለት ይኼ ነው» አልኩ በልቤ። ሴትዮዋ ስለ ሱስም ተናግራ ነበርና። ድምፁን አጠፋሁት።

እንቅልፉም አልመጣ። ፊቷ ሲመነምን ጊዜ፣ መንገዱም ተከፍቶ ነበርና፣ ይዣት መዞር ጀመርኩ። አንድ ቀን የከሰል ምድጃችን፣ እዚህ ሲግሪ የሚሉት፣ ሥሩ ተበልቶ ብረት ቀጥቃጮች ወዳሉበት ሰፈር፣ ወደ ካትዌ፣ ወሰድነው። ካትዌ ብረት ይናገራል፤ በግራ መዶሻ፣ በቀኝ መጋዝ፣ መሬቱ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ሠራተኛው የሲግሪውን ሥር አዲስ ላሜራ እየቆረጠለት ሳለ ጎኔ ላይ ክብድ አለኝ። ዞር ስል ልጅቷ ተኝታለች። በዚያ ሁሉ ቅጥቀጣ መሃል አፏን ከፍታ ተኝታለች! ክንዴ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀስኩም። ሠራተኛው ሲያያት መዶሻውን ወደ ወዲያኛው ጥግ ወሰደ።

በኋላ የሆነ ሰው ስልክ ጠራ። ልጅቷ እንደተጠራች ወታደር ብድግ አለች።

«ደወለ?»

«ማን?»

«አባዬ።» ግራና ቀኝ አየች። ካትዌ መሆኗን ስታውቅ እጄን ያዘች። «ዛሬ ተኝቼ ነበር አይደል? ከደወለ ተኝታለች እንዳትዪው። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል ካርቱን እያየሁ ነው፣ በኋላ አናግረዋለሁ ብዬ ነበር። አሁንም ሁልጊዜ ተኝታለች ከተባለ ጠላችኝ ይላል። ለዚህ ነው የማልተኛው።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ሲግሪውን ተሸክመን ስንመለስ ሮሌክስ ገዛሁላት፤ በቻፓቲ የተጠቀለለውን እንቁላል። ከመሃል ቆርሳ ለእኔ ሰጠችኝ። እጄ ላይ ይዤው ሄድኩ። ወተቱ፣ የዱዓው ውኃ፣ ከጆሮዋ ሥር የነጠቅኩት ስልክ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ይመጡብኛል። በሽታዋ እኔ ነበርኩ። ግቢውን ሁሉ የመረመረች ሐኪም የራሷን እጅ አላየችም።

ቤት ደርሼ ማይኩን ተጫንኩ። ከአፌ አውጥቼው የማላውቀውን፣ «ሞት ለልጅ እንዴት ይነገራል?» አልኩት። ሰው ቢሆን ያፈጥብኝ ነበር፤ ስልኩ ትንሽ አሰበና ሴትዮዋን አመጣልኝ። ሄደ አትበሉ፣ ተኛ አትበሉ፣ ሞተ በሉ አለች። ያልተነገረውን ልጁ በራሱ ጥፋት ይሞላዋል አለች። ደጋግሞ ይጠይቃችኋል፤ ደጋግማችሁ መልሱ አለች። ስልኩ ባትሪው እስኪያልቅ እየመለስኩ ሰማኋት።

በማግስቱ ሱቅ ሄድኩ። ልጄ ሽንብራ እየመዘነች ነበር።

«እንንገራት» አልኳት።

«ትምህርት ቤት ተከፈተ እንዴ?»

«አልተከፈተም።»

«ታዲያ?» ሽንብራውን መልሳ ጆንያው ውስጥ ገለበጠችው። «እኔ ባሌን መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧ ከፍቼ ነው ያለቀስኩት፣ እማ። እንንገራት ብዬ ስንቴ ለመንኩሽ? አሁን ስልክሽ ፈቀደልሽ?»

የካትዌውን ነገር ነገርኳት። ሚዛኑን አስቀመጠች። «ማን ይንገራት?» አለች፤ ድምጿ ወርዶ።

«እኔ። ደውሏል ያልኳት እኔ ነኝ።»

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ እኔ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ነገርኳት። ሙየንጋ አናት ላይ፣ ሐይቁ የሚታይበት ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር አለ፤ እዚያ ተቀመጥን።

«አባትሽ ሞቷል» አልኳት። ሌላ ቃል አላስቀደምኩም።

ሐይቁን አየች። «መቼ?»

«ሁሉ ነገር ተዘግቶ እቤት የዋልን ጊዜ። ትኩሳት ያዘው።»

«ታዲያ ማን ነበር የሚደውለው?»

«ማንም። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ውሸት ነው።»

«ተኝቼ ስለነበር አይደለም?»

«አይደለም።»

«ካርቱኑስ? በኋላ ስላልኩት?»

«እሱ ሲስቅብሽ ነበር። ካርቱን አባቷን አስረሳት ብሎ ለእናትሽ ሲስቅ ሰምቻለሁ። ይኼ እውነት ነው፤ እናትሽን ጠይቂ።»

እግሯን አየች። «ጫማውስ?»

«እኔ ነኝ የገዛሁት።»

ቁጢጥ ብላ ፈታችው። ሁለቱን ጎን ለጎን አጥሩ ላይ፣ አጠገቤ፣ አስቀመጠችልኝ። በካልሲዋ ዳገቱን ወረደች። ጫማውን ይዤ ከኋላዋ ተከተልኩ፤ አልዞረችም። ግቢያችን በር ላይ እናቷ፣ የጅማዋና ሌሎች ሴቶች ይጠብቁ ነበር፤ ክንዱ አሁን በዝቶ ነበር። ልጄ ልጇን ስታይ ያ ሆዷ ውስጥ የመለስኩት ጩኸት ወጣ። ሁለቱ ተቃቅፈው ጮኹ። ሴቶቹ ያዟቸው። እኔ ጫማ ታቅፌ ደጅ ቆሜ ቀረሁ፤ አትግቢ ብሎ የከለከለኝም፣ ግቢ ያለኝም አልነበረም። የጅማዋ ናት መጥታ ክንዴን የያዘችው። ያን ቀን ሐኪሟ አላለችኝም።

ልጅቷ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተኛች። በማግስቱ ረፋድ ላይም ተኝታ ነበር።

እኔን ግን ብዙ ጊዜ አላናገረችኝም። ሻይ ሳቀርብላት ትጠጣለች፤ ዓይኗ እኔ ላይ አያርፍም። አንድ ከሰዓት ለመዞር ስወጣ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ።

«ንገሪኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ከመጀመሪያው።»

ነገርኳት። በሌላ ቀን ደግማ ጠየቀችኝ፣ ደግሜ ነገርኳት። ማን አጠገቡ ነበር፣ ውኃ ጠጥቶ ነበር ወይ፣ መቃብሩ ላይ ዛፍ አለ ወይ። የማላውቀውን አላውቅም አልኩ። ለእኔ ይህ ቃል ከባድ ነው፤ ለመድኩት።

ትምህርት ቤቱ በመጨረሻ ተከፈተ። ዩኒፎርሟ አጥሮባት፣ እጇን ይዤ እስከ በሩ ወሰድኳት። ከመግባቷ በፊት ቆም አለች።

«ልትነግሪኝ የነበረው ዛሬ ነው አይደል?»

«ዛሬ ነበር።»

የካልሲዋን ጫፍ አስተካከለችና ገባች። ያን ሁሉ ሌሊት እስከዚያ ቀን ድረስ ነቅታ ብትጠብቅ ኖሮ እያልኩ በሩ እስኪዘጋ ቆምኩ።

አሁን ትተኛለች፤ ከትምህርት ቤት መጥታም ትንሽ ታሸልባለች። ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ አልተለወጠም።

«የደወለ ሰው አለ?»

ከሌለ፣ «ማንም አልደወለም» እላታለሁ። የጅማዋ ደውላ ከሆነ የጅማዋ እላለሁ። ልጅቷ ትሰማኛለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ስልኩን ታነሳና ራሷ ታያለች።