መዶሻ የያዘው አምላክ

እህቴ ከነልጇ ጦርነቱን ሸሽታ ከካርቱም ስትመጣ፣ ልጅቷ በመተማ በኩል በእግሯ ይዛ የገባችው አንድ ባለሥዕል መጽሐፍ ብቻ ነበር። የገዛላት አባቷ ነው። እሱን እዚያው ጥይት መታው፤ ማን እንደቀበረው እንኳ አናውቅም። እኛ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ቤታችን ደጅ ድንኳን ተክለን አለቀስንለት። ልጅቷ ግን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም፤ ጥግ ይዛ መጽሐፏን ትገልጣለች።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አባቴ ስለ መጽሐፉ ሲጠይቁኝ፣ ዐዋቂ መባል እወዳለሁና፣ «ሥዕሉ ላይ ያለው ባለ መዶሻ የመብረቅ አምላክ ነው፤ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ጥንት ያመልኩት ነበር» ብዬ ዘረገፍኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«እኔ ቤት ጣዖት? በሉ ከእሳት ክተቱልኝ!»

ልጅቷ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ለጥፋ ያዘች። «ጂዶ፣ አባቴ ነው የሰጠኝ» አለች፤ አያቷን የምትጠራው በካርቱም አጠራር ነው። እኔም ደነገጥሁ። ያ መጽሐፍ ከነደደ ከአባቷ የሚቀራት ነገር የለም። «ተረት ነው እኮ አባባ፤ ዛሬ የሚሰግድለት የለም» ብል ማን ሰምቶኝ!

«እስቲ አምጭው ልየው» አሉ በመጨረሻ።

አንድ ጠርዙን ሳትለቅ ሰጠቻቸው። ዐረብኛ ስለማያነቡ የሚያዩት ሥዕሉን ነው። ሰውየው መብረቅ መሀል ቆሞ መዶሻውን ሽቅብ አንስቷል። እኛ ሰሊጥ አረማ ላይ ሰማይ ሲያጓራ መኮትኮቻችንን ወርውረን የምንሮጥ ሰዎች ነን። አባቴ ሳቁ።

«ብረት ይዞ መብረቅ ስር! ይኸ ምኑ አምላክ ነው፣ ቂል እንጅ።»

ጥቂት ገጽ ገለጡና ቆሙ። ባለ መዶሻው ተንበርክኮ የአንድ ሽማግሌ ሬሳ አቅፏል። መዶሻው ከጎኑ ወድቋል።

«ይኸስ ምን ሁኖ ነው?»

«አባቱ ሞቶበት» አለች።

አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ለቅሶ የደረሰው ሰው አለ?»

ልጅቷ ገጹን ወደ ፊት ገለጠች፣ ወደ ኋላ ገለጠች። «የለም። ብቻውን ነው።»

«እግዜር ያጥናው» አሉ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው ዝግ ብለው። መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ መለሱላትና አጠገቧ ተቀመጡ። «አንችንም ያጥናሽ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ጮኻ አለቀሰች፤ ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።