ባለቤቴ ያልሰማው ድምፅ

ወልቂጤ፣ ከጅማው መንገድ ዳር፣ የቤታችን የፊት ክፍል የባለቤቴ ጋራዥ ነበር። ጋራዥ ይባል እንጂ ሁለት ሞተር ሳይክል ከገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ጠባብ ክፍል ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። ጠዋት አስተምሬ፣ ከሰዓት በኋላ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ የተማሪዎቼን ደብተር አርማለሁ። መንግሥት ተለውጦ ወረዳዎች በአዲስ መልክ ከተደራጁ ወዲህ ገጠር ለሚወጡ ሠራተኞች ሞተር ይሰጥ ስለነበር ባለቤቴ ሥራ አላጣም። አብዛኞቹ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚሞላላቸው፣ ጭሳቸው ልብስ ላይ የሚቀር፣ የሚንጣጣ ድምፅ ያላቸው የአቀበት ሞተሮች ናቸው። እሱ «ቱ ስትሮክ» ይላቸዋል። ማን እንደመጣ ከመንገዱ ሳይታጠፍ በሞተሩ ድምፅ የምለይበት ጊዜ ነበር። ወድጄ የተማርኩት አይደለም፤ ግድግዳው ስስ ስለነበር ነው።

ባለቤቴ በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ እያልጎመጎመ ነው የሚያወራው ማለት ጀምሮ ነበር። ተማሪዎቼም፣ ደንበኞቹም፣ ፓስተራችንም ሳይቀሩ ያልጎመጉማሉ አለ። ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

ክረምቱ ሲወጣ አገና አካባቢ የሚሠራ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሞተሩን ይዞ መጣ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ረጅም፣ ቁጥብ ወጣት ነው። የክትባት ሣጥኑን ከኋላ አስሮ የቸሃን መንደሮች ሲዞር የሚውል በመሆኑ፣ ሞተሩ ሲታመምበት ከሁሉ በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። ለባለቤቴ ሦስት ነገር ነገረው። አቀበት ላይ ጋዝ ሲሰጠው አንድ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። በድንገት ጋዝ ሲከፍትለት ደግሞ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ታንቆ ይቆይና ነው የሚነሣው። ጋዙን ሲለቅም ሞተሩ ቶሎ አይረጋም፤ ለጥቂት ጊዜ በራሱ ይጮሃል።

ባለቤቴ ሞተሩን እስከ ጉብሬ መንገድ ነድቶት ተመለሰ። ቀጭን ድምፅ የሚባል ነገር እንደሌለ ነገረው። ካንዴላውን ፈትቶ አየ። ካንዴላ የሞተሩን የውስጥ ሁኔታ በቀለሙ የሚናገር ዕቃ ነው፤ ወጣቱ ግን በዚያው ጠዋት አዲስ አስገብቶ ስለነበር ምንም አልተናገረም። ቤንዚኑ ከአየር ጋር የሚቀላቀልበትን ካርቡራተር አጠበለት። ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠውም ከፍ ብሎ እንደሚጮህ በእጁ ንዝረት ስላወቀ ብሎኑን አዙሮ ዝቅ አደረገው። ወጣቱ አመስግኖ ወጣ።

ከግቢው ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ጋዝ ሲሰጥ ድምፁን ሰማሁት። ለባለቤቴ ነገርኩት። የማርሚታው ክዳን ላልቶ ይሆናል፣ ጭስ ማውጫው ሁልጊዜ ይንቀጫቀጫል አለኝ። የሞተር ነገር የእሱ ስለሆነ አልተከራከርኩም።

በሳምንቱ ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ወደ አገና በሚወስደው አቀበት ላይ ሞተሩ ነክሶ፣ ማለት ውስጡ ተጣብቆ፣ የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ፣ ወጣቱን ከመንገዱ ዳር የአንድ ሰው እንሰት ማሳ ውስጥ ጥሎታል። ግራ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። የእንሰቱ ባለቤት ናቸው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተሸክመው ጤና ጣቢያ ያደረሱት። ይህን ሁሉ የነገረን የአይሱዙው ሹፌር ነው። ባለቤቴ ሞተሩን አስወርዶ ያን ዕለት ማታ ሳይነካው ቀረ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሞተሩ ተፈትቷል። ፒስተኑ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል፤ ጎኑ በሞረድ እንደተፋቀ ሆኖ፣ አናቱም ነቁጥ ነቁጥ ወጥቶበታል። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጠራኝ።

«ያን ዕለት ምን ነበር የሰማሽው?»

«ጣሳ ውስጥ ጠጠር ሲናጥ ዓይነት ነው። ቀጭን ነው። ጋዝ ሲጨምር መጣ፣ ሲቀንስ ጠፋ።»

«በደንብ ይሰማል?»

«እኔ እኮ ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ ነው የሰማሁት።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሚስማር ላይ የተንጠለጠለውን የቁልፍ ዘለላ አውርዶ ሰጠኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንዳንቀጨቅጨው ነገረኝ፤ አንቀጨቀጭኩት። እሱ ቆሞ ይጠብቃል።

«እስቲ አንቀጭቅጪው» አለኝ ደግሞ።

«እያንቀጨቀጭኩት ነው።»

ወዲያው አልዞረም። ሲዞር ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ አልነበረም፤ ሲጠረጥረው የቆየውን ነገር ያረጋገጠ ሰው ፊት ነው። ወፍራም ድምፅ ይሰማል። የአይሱዙን ጉርምርምታ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የእኔን ድምፅ ከቅርብ ይሰማል። ቀጭኑ ነገር ግን ከጆሮው ወጥቷል፤ መቼ እንደወጣ አያውቅም። እኔም አላውቅም።

ወጣቱ ክንዱ በፋሻ ታስሮ ሞተሩን ሊጠይቅ ሲመጣ ባለቤቴ ቁጭ አድርጎ ነገረው። «ጆሮዬ ነው። አንተ በትክክል ነግረኸኝ ነበር፣ እኔ አልሰማሁትም» አለው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስለነበር የወጣቱን ፊት አየሁ። ተቆጥቷል፤ ለመቆጣትም ምክንያት ነበረው። ግን ባለቤቴን ቀና ብሎ ሲያየው ቁጣውን የሚያሳርፍበት ያጣ መሰለኝ። «ታዲያ አሁን ማን ሊሰማልኝ ነው፣ ጋሼ?» አለ። ባለቤቴ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ወጣቱ እየተቀለደበት እንደሆነ ለማወቅ ሁለታችንንም አፈራርቆ አየን።

አዲሱ ፒስተን ከአዲስ አበባ መጥቶ ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ላዳምጥ አጠገቡ ቆምኩ። ባለቤቴ አስቀድሞ አስረዳኝ። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። በማያስፈልግ ቦታ አየር ከገባ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ዘይቱም ያንሰዋል። ጠጠሩ የሚናጠው ያኔ ነው። የእሱ ሥራ አየሩ የሚገባበትን ቀዳዳ መፈለግ፣ የእኔ ደግሞ ድምፁ ሲለወጥ እጄን ማንሣት ሆነ። ሞተሩን አስነሥቶ የሳሙና ውኃ በመርፌ እየቀዳ መጋጠሚያዎቹ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ ውኃው ቀዳዳውን ለአፍታ ከደፈነው ድምፁ ይለወጣል። የራስጌው መጋጠሚያ ላይ ምንም የለም። በጎን በኩልም የለም። ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የጎማ አንገት ላይ ከታች በኩል ሲያፈስ የሞተሩ ጩኸት ወረደ፤ እጄን አነሣሁ። ደገመው፤ ደግሞም ወረደ። ጎማውን ፈትቶ ሲያጥፈው ማሰሪያው ሥር ተደብቆ የነበረ ስንጥቅ እንደ ከንፈር ተከፈተ። አብሮን ቆሞ የነበረው ወጣት በደህናው እጁ ጎማውን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ሲያገላብጠው ቆየ። የድካሙን ዋጋ ባለቤቴ አልተቀበለውም።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሄደን ሐኪም አየው። ለዓመታት ያለመከላከያ ከሞተር ጋር መዋሉ ጆሮውን እንደጎዳው፣ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውን እንዲጠብቅ ተነገረው። በመመለሻችን ወሊሶ ስንደርስ ብርቱካን ገዛልኝ።

እንዲህ አድርገን ለዓመታት ሠራን። አንድ ችግር የቃላት ነገር ነበር። እሱ የቸሃ ሰው፣ እኔ የክስታኔ ሰው ነኝ፤ የሁለታችን ጉራጊኛ ስለማይገጥም ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። ለሞተር ድምፅ የሚበቃ አማርኛ ግን ሁለታችንም አልነበረንም። ስለዚህ የቤት ነገር ስም አወጣንለት። ቤንዚን ሲበዛበት የሚያሰማውን ተንተባተበ፣ የላላ ፒስተን የሚያሰማውን ሰሃን አጠበች እንለዋለን። ምቱን ደግሞ ክንዱ ላይ በጣቴ እየመታሁ አሳየዋለሁ። ደንበኞች ፊት ይህን ማድረግ መጀመሪያ ላይ አሳፍሮኝ ነበር። ሚስቱን አማክሮ የሚሠራ መካኒክ ዘንድ አልሄድም ብሎ ሞተሩን የወሰደ ሰውም ነበር። ባለቤቴ አላስቀረውም። ብዙዎቹ ግን ለመዱን፤ እኔ ከትምህርት ቤት እስክመጣ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር ለማለት አልችልም። ጠዋት ሙሉ የሕፃናት ጫጫታ ከሰማሁ በኋላ ከሁሉ በላይ የምፈልገው ዝምታ ነበር።

ወጣቱ ክንዱ ድኖለት ሌላ ዞን እስኪዛወር ድረስ ሞተሩን እኛ ዘንድ ነበር የሚያሠራው። ቀስ በቀስም እነዚያ ዘይት የሚቀላቀልላቸው ሞተሮች ከመንገዱ ጠፉ። ባጃጅ መጣ፤ ድምፁም ሆነ በሽታው ሌላ ነው። ባለቤቴ ለእሱ እንደገና ልማር አላለም። ጋራዡን የመለዋወጫ ሱቅ አደረገው። ደንበኛ ሲመጣ ፊት ለፊት ቆሞ ከንፈሩን እያየ ያዳምጣል፤ ስህተት ዕቃ ሲሰጥ አላየሁትም።

በኋላ ወንድሙ ከአዲስ አበባ የመስሚያ መሣሪያ አመጣለት። አድርጎት መጀመሪያ የተናገረው ስለ እኔ ጫማ ነው። «ስትራመጂ እንዲህ ይጮሃል እንዴ?» አለኝ፤ ለካ ጫማዬ ሲጮህ ኖሯል። ለጥቂት ቀናት ወፉንም፣ የበሩን ማጠፊያም፣ የማንኪያውንም ድምፅ አንድ በአንድ ሲጠይቀኝ ሰነበተ። ከዚያ ገበያ ቀን አድርጎት ወጥቶ፣ ጫጫታው ራሱን አሳምሞት ተመለሰ። አሁን እሑድ እሑድ ብቻ፣ ስብከት ሲጀመር ያደርገዋል፤ መዝሙር ሲሆን ያወጣዋል።