ከሰገነቱ ሥር የማይጠለሉት ሴት

በዓለም ከተማ ገበያ ዳር ያለውን የነጋድራስ ቤት የማያደንቅ የለም። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ፣ ምሰሶው ወይራ፣ የእንጨት ሰገነቱ መንገዱ ላይ የሚያጠላ ነው። ደርግ ወረሰው፤ ኢሕአዴግ ሲገባ ደግሞ ቀበሌው ምድር ቤቱን ለልብስ ሰፊው ለሪድዋን አከራየው።

ሪድዋንን ግን ስማቸውን የማያውቃቸው አንዲት ጌሾ ሻጭ አሮጊት ያናድዱታል። በገበያ ቀን ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ዝናብ ሲመጣ ገበያተኛው ከሰገነቱ ሥር ሲጋፋ፣ እሳቸው ጌሾውን በማዳበሪያ ሸፍነው ይበሰብሳሉ።

ዛሬም አንድ ሹም እንግዶች ይዞ መጥቶ፣ «ነጋድራሱ በገዛ እጃቸው ያቆሙት ቤት ነው» እያለ ሲያስጎበኝ ዶፉ ወረደ።

«እማማ፣ ኧረ ይጠለሉ! ቤቱ ምን በደለዎት?» አለ ሪድዋን።

አሮጊቷ ዞር አሉ።

«በገዛ እጃቸው? እናቴን ለአጥሩ ድንጋይ ስትሸከም ነው ምጥ የያዛት። እንዲህ ነበር የሚዘንበው። ቤቱ ገና ጠበል አልተረጨም፣ በአራስ ደም አይረክስም ብለው ከዚህ ሰገነት ሥር አባረሯት። እዚህ ጭቃው ላይ ወለደችኝ።»

ከሰገነቱ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ወደ ዝናቡ የወጣ ግን አንድም አልነበረም።