ማዘር አሟታል

ካሳዬን ወልድያ መናኸሪያ አካባቢ የማያውቀው የለም። ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበር። ከሚሊኒየሙ በዓል ወዲህ ኮምፒውተር በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሲገባ እሱም ገባበት። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ባገኛት የቆርቆሮ ሱቅ ተቀምጦ፣ ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች ሲጎረጉር ይውላል። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል። እጁስ ወርቅ ነበር፤ ጉዱ ያለው የሚገጥመው ዕቃ ላይ ነው።

ጉዱ ማዘርቦርድ ነው። ማዘርቦርድ ያቺ አረንጓዴ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ናት፤ የኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ እሷ ላይ ይሰካል፣ እሷ ከሞተች ሁሉም አብሮ ዝም ይላል። ካሳዬ ባጭሩ «ማዘር» ይላታል። ርካሽ ርካሹን ከደሴ እያመጣ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለውርጌሳ የትየባ ጽሕፈት ቤቶች ይገጥማል።

ለምን ርካሹን ትገጥማለህ ቢሉት አፉ አይያዝም። በአንዱ ደህና ዋጋ ሁለት ሰው ሥራ ይጀምራል ይላል። ምስል የሚያሳየውም ድምፅ የሚያወጣውም እላይዋ ላይ ተሠርቶ ስለሚመጣ ሌላ ካርድ ግዙ አትልም። ለማመልከቻ፣ ለሠርግ ጥሪ፣ ለፈተና ወረቀት ምን ያንሳታል? ፎቅ ላይ ላለ ትልቅ ድርጅት አይደል የሚገጥመው! ደግሞም ልክ ነው፤ በዚያች ርካሽ ሰሌዳ ትየባ ተምረው እንጀራ የወጣላቸው ስንት ልጃገረዶች አሉ።

ብቻውን ሲሆን ግን ሌላ ነው። ካፓሲተር የሚሏቸው እንደ በርሜል የቆሙ ጥቃቅን ነገሮች አሉባት፤ የመርሳ ሙቀት ሲመታቸው አናታቸው ያብጣል። መብራት ሄዶ ድንገት ሲመጣማ ይፈነዳሉ። መብራቱ ደግሞ መሄድ ሲያውቅበት! ሰሌዳዋ ስስ ስለሆነች ትንሽ ጫን ካሏት ትሰነጠቃለች። ስድስት ወር፣ ቢበዛ ዓመት። ደህናው አምስት ዓመት ይሠራል፣ ሻጩም ዋስትና ይሰጥበታል፤ የርካሿ ዋስትና ካሳዬ ራሱ ነው። እሁድ የለው፣ በዓል የለው፣ የገጠመውን ሲነቅል የነቀለውን ሲተካ ዕድሜው አለቀ። ሰው ጠቀምሁ ያለው ሰውዬ ራሱን ጨረሰ።

እናቱ ወይዘሮ አበበች ከመርሳ ገባ ብላ ባለችው ግራና ይኖሩ ነበር። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ልባቸውም ይደክማቸው ጀምሯል። ለጥምቀት ሄዶ ሲያያቸው እጁን ያዙና «ልጄ፣ ሌላ ምንም አልልህም። የሞትሁ ቀን ብቻ ድረስልኝ፤ አፈሬን አንተ አልብሰኝ» አሉት።

«ምን ሟርት ነው ይሄ እማዬ!» ብሎ ተቆጣ። ኋላ ግን አንጀቱ አልችል ሲለው ማለላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሙሉ አልሄደም። ኧረ ግራና ሩቅ ሆኖ እኮ አይደለም! ጠዋት ወጥቶ ማታ ወልድያ መግባት ይቻላል። ግን የትምህርት ቤቱን ልጨርስና ይላል፣ የውርጌሳውን ልጨርስና ይላል፣ የደሳለኝን ልጨርስና ይላል፤ ሳይጨርስ ሌላዋ ትሞትበታለች።

ደሳለኝ መርሳ ላይ ጽሕፈት ቤት የከፈተ ጓደኛው ነው። ካሳዬ የገጠመለት ማዘር በዓመት ውስጥ ሦስቴ ተቃጥላበታለች። ሰው ሲመረው ይቀልድ የለ፣ እነሱም ቀልድ አወጡ። ካሳዬ ሲደውል «ማዘር እንዴት አደረች?» ይላል። ደሳለኝም «ማዘር አሟታል፤ ትኩሳት አላት» ይላል። ከዚያ ሁለቱም በስልክ ይንከተከታሉ። የራስን እናት በሚጠሩበት ስም እንዲህ ሲቀልዱ አንድ ቀን እንኳ ቅር አላላቸውም።

በሚያዝያ አንድ ሰኞ፣ ገና ሳይነጋ፣ ወይዘሮ አበበች አረፉ። ካሳዬ ይህን ያወቀው ኋላ ነው፤ እናንተ ግን አሁን እወቁት። ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በማለዳው መኪና መርሳ ደሳለኝ ዘንድ መጡ፤ የልጁን ስልክ የሚያውቀው እሱ ነዋ። እንግዲህ በእኛ አገር ሞት በስልክ አይረዳም። «ትንሽ አሟቸዋል፣ ቶሎ ና» ነው የሚባለው። ይህን የሰማ ሰው ነገሩ ይገባዋል፣ ያለ የሌለውን ጥሎ ይነሳል። ደሳለኝም እንደ ወጉ ደወለ። ስልኩ ከእነዚያ ድምፃቸው ቤት ሙሉ ከሚሰማ የቻይና ስልኮች አንዱ ነው።

«ካሳዬ፣ ማዘር አሟታል» አለ። ሽማግሌዎቹ ፊት ስለሆነ ከዚህ በላይ መናገር አልቻለም።

ካሳዬ ማልዶ ሱቁ ገብቶ የውርጌሳውን ኮምፒውተር እየፈታ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሞተችበት አራተኛዋ መሆኗ ነው። ደሙ ፈላ።

«አሁንስ በቃኝ! ካመማት የራሷ ጉዳይ! ነቅለህ ጣላት! እሷ እንደሁ ዕድሜዬን ጨረሰችው!»

«ኧረ ተው፣ ስማኝ ካሳዬ፣ ያንተዋን እኮ…»

«ሰማሁ አልሁህ! ረቡዕ ሌላ ይዤ እመጣለሁ!» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ከዚያ ሱቁን ቆልፎ በቀጥታ ደሴ አውቶቡስ ላይ ወጣ። ደሳለኝ ደግሞ ደጋግሞ ደወለ፤ ኔትወርኩ ተራራ ተራራውን ጠፋ፣ ሲመጣ ደግሞ ባትሪው አለቀ። ቻርጀሩ ወልድያ ሱቅ ውስጥ ቀርቷል። ሰው ተልኮ ወልድያ ሄደ፤ ያገኘው የተዘጋ ሱቅ ነው። የደሴ መንገድ የሚያልፈው ደግሞ በመርሳ ነው፤ አይ ዕጣ! አውቶቡሱ መርሳ ላይ ሰው ሲያወርድ ካሳዬ በመስኮት የደሳለኝን ቤት አየ። ተዘግቷል። «ማዘሯ ሞታበት ምን ይሥራ» ብሎ ከልቡ አዘነለት። በዚያች ሰዓት ደሳለኝ ግራና መቃብር ሲያስቆፍር ነበር።

ደሴ ሁለት ቀን ቆየ። ነጋዴው ደህናዋ ማዘር ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ትገባለች ስላለው አደረ። ስትመጣ ርካሿን በአንድ እጁ፣ ደህናዋን በሌላው ይዞ ግማሽ ቀን ተከራከረ፤ ከነጋዴው ጋርም፣ ከራሱም ጋር። ርካሿ እጁ ላይ ትቀልላለች፣ ለደሳለኝም አቅም ትስማማለች። ደህናዋ ከበድ ትላለች፤ ካፓሲተሮቿ ጠንካራ ናቸው፤ መብራት ቢሄድ ቢመጣ ትችላለች። ግን ዋጋዋ! በመጨረሻ ከኪሱ ጨምሮ ደህናዋን ገዛ። ይቺን ከገጠምሁለት ዓመት ሙሉ አይደውልልኝም፣ እኔም ሰው እሆናለሁ አለ። ረቡዕ ጠዋት ሲመለስ ዛሬውኑ ከመርሳ ወደ ግራና አልፌ እናቴ ዘንድ አድራለሁ ብሎ ወሰነ፤ ብርቱካንም ገዛላቸው። ካሳዬ ለወራት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

መርሳ ሲወርድ የደሳለኝ ቤት እንደተዘጋ ነው። አጠገቡ ልብስ የምትሰፋው ከድጃ ከደጇ ቆማ አየችው።

«ደሳለኝ የት ሄደ?»

«ለቅሶ» አለችው። ወዲያው ደግሞ ፈራ ተባ እያለች «ምንድን ነው የያዝኸው?» አለችው።

«ማዘር ናት» አላት፣ ካርቶኑን ከፍ አድርጎ እያሳየ። «አዲስ ማዘር አመጣሁለት።»

ከድጃ አፏን በእጇ ያዘች። «በል ና፣ አብሬህ ልሂድ» ብላ ሱቋን ትቆልፍ ጀመር።

«የት? የማን ለቅሶ ነው?»

«አብሽር ካሳዬ፣ ና ብቻ።»

በገበያ ቀን ሱቅ ቆልፎ አብሬህ ልሂድ የሚል ሰው የያዘው መርዶ ነው። ካሳዬ ይህን አያጣውም። የያዘውን ፌስታል ለቀቀው። ብርቱካኑ መንገድ ላይ ተበታተነ፤ ማንም አላነሳውም። የግራናው መኪና ላይ ደግፋ አወጣችው። መንገዱን ሙሉ «ሰኞ ጠዋት? ሰኞ ጠዋት ነው?» ይላታል። እሷም አንገቷን ትነቀንቃለች።

ዕለቱ ሰልስት ነበር። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ልጅ ከመንገድ «እናቴ!» እያለ ሲመጣ ለቀስተኛው ሁሉ ብድግ ብሎ፣ እያለቀሰ ወጥቶ ይቀበለዋል፤ ሐዘኑ እንደ አዲስ ይነሳል። ካሳዬ ከበሩ ጀምሮ ጮኸ። ሰው ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም። ደሳለኝ ብቻ ሮጦ መጥቶ እያለቀሰ አቀፈው።

ካሳዬ እየተጎተተ አክስቱ እግር ሥር ወደቀ። ወይዘሮ እልፍነሽ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ጣሏት አልኸን» አሉት ቀስ ብለው፤ «ጣልናት።»

«ኧረ በማርያም! እትዬ፣ አንቱ፣ ያልሁት እሷን አይደለም! በማዘር ስም የምንጠራት የኮምፒውተር ዕቃ አለች!»

«ደሳለኝም ይህንኑ ሲል ሰነበተ» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «ዕቃ በእናት ስም ይጠራል እንዴ?»

ካሳዬ ካርቶኑን በሁለት እጁ ቀደደው። ሰሌዳዋን አውጥቶ ለአክስቱ ዘረጋ። «ይቺን ነው! ነቅለህ ጣላት ያልሁት የዚችን ዓይነት ነው! ዕድሜዬን የጨረሰችው ይቺ ናት፣ ሰኞ በመርሳ አልፌ ደሴ የሄድሁትም ይቺን ልገዛ ነው፣ ይዩዋት እትዬ!»

ወይዘሮ እልፍነሽ አዩዋት። አገላብጠው ሳይሆን እንዲያው ከእጁ ላይ እንዳለች ረዘም አድርገው አዩዋት።

«እና ሰኞ በዚህ በኩል ስታልፍ» አሉት፣ «ይቺን ልታመጣ ነበር የምትሄደው?»

የካሳዬ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ፤ አንዷ ተነስታ ለሽማግሌዎቹ ንፍሮ ታድል ጀመር። እሱም መሬቱ ላይ ተደፍቶ «እማዬ!» ብሎ ጮኸ። አሁንም ጮኸ። አብሮት ድምፁን ያነሳ ሰው አልነበረም።